የማጠናከሪያ ፕሮግራም ለመጀመር ለጠየቃችሁ መምህራን

ጥያቄያችሁ «ሐዋሳ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከትምህርት ሰዓት በኋላ የንባብና የሂሳብ ማጠናከሪያ ልንጀምር ነው። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል 80 ልጆች ተመዝግበዋል፤ ከምን እንጀምር?» የሚል ነው።

ከሰዓቱ ጀምሩ። መጽሐፉና ጠመኔው ይደርሳል። ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ «ከትምህርት በኋላ» የሚባለው ሰዓት ለሁሉም ልጅ አንድ አይደለም። የጠዋቶቹ እኩለ ቀን ላይ ሲወጡ ክፍሉን የከሰዓቶቹ ይይዙታል። ለምሳ ቤቱ የገባ ልጅ ደግሞ 10 ሰዓት ላይ አይመለስም፤ ታናናሾቹን ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ወይም ሶፍትና ማስቲካ ይዞ ይወጣል። የከሰዓቶቹን ከ11 ሰዓት በኋላ ካስቀራችኋቸው በኅዳርና በታኅሣሥ 12 ሰዓት እንዳለፈ ይጨልማል፤ ሴት ልጅ ያለው ወላጅ መላኩን ያቆማል፣ እውነቱን ነው። የሚሻለው ተቃራኒ ፈረቃ ነው፦ የከሰዓቶቹ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ የጠዋቶቹ ቤት ሳይገቡ ወዲያው እንደወጡ። ክፍል ከጠፋ ቤተ መጻሕፍቱን ወይም የፔዳጎጂ ማዕከሉን (የማስተማሪያ መርጃ የሚዘጋጅበትን ክፍል) ጠይቁ።

ወዲያው ሲባል ግን ሆዳቸው ባዶ ነው። ቁርስ በልቶ ያልመጣ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ፊደሉ ይደባለቅበታል፣ እናንተ ደግሞ ሰነፍ ትሉታላችሁ። ለእያንዳንዱ አንድ ዳቦ ወይም አንድ ሲኒ ቆሎ ይበቃል። ለ30 ልጅ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ያዙ፣ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለእጅ። ቧንቧው ይመጣል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ከዋዜማው ይቀዳ።

80ውን በአንድ ጊዜ አትቀበሉ። በ30 ልጅና በሳምንት 3 ቀን ጀምሩ። በክፍል ደረጃም አትመድቧቸው። ከ2ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ አንቀጽ እያንዳንዱን ለ1 ደቂቃ አስነብቡና በትክክል ያነበበውን ቃል ቁጠሩ። ፊደል የሚለቅም የ5ኛ ክፍል ልጅ ታገኛላችሁ፤ ከእኩዮቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ያንብብ፣ ይፈተንም። በሲዳምኛ የሚማሩትንና በአማርኛ የሚማሩትን በንባብ ለዩ፣ በሂሳብ አንድ ላይ ቢሆኑ ችግር የለውም።

ብዙ ፕሮግራም የሚሞተው ግን በቁልፍና በወንበር ነው። ጥበቃው ተረኛ ሲቀየር አዲሱ «አልተነገረኝም» ብሎ በር ይዘጋል። ርዕሰ መምህሩ የፈረመበትና ማህተም ያረፈበት ወረቀት ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሁለተኛ ቁልፍ አስተባባሪው ዘንድ ይሁን። ስትገቡ ወንበርና ዴስክ ቁጠሩ፣ የተሰበረውን ከነቦታው ጻፉ፤ ስትወጡም ቆጥራችሁ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ተፈራረሙ። ያለዚያ በማግሥቱ የተገኘው የተሰበረ እግር ሁሉ የእናንተ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ክፍል የሚሰጣችሁ የለም።

መምህራኑን «በጀት ሲፀድቅ ይከፈላል» ብላችሁ አታስገቡ። የትራንስፖርቱ በየወሩ የሚከፈል ከሆነ በቁርጥ ተናገሩ፣ ከሌለም የለም በሉ። ለሁለት ቦታ ሦስት ሰው መድቡ፤ አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል። ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከመምህራን ትምህርት ኮሌጁ በጎ ፈቃደኛ ከወሰዳችሁ የፈተና ሳምንታቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማንም ትልቅ ሰው ከልጆች ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይሁን፤ በሩ ክፍት፣ ሁለት ሰው።

የቀረ ልጅ ካለ በዚያው ቀን ለወላጁ ይደወል፤ ስልክ የሌለው ከሆነ ጎረቤቱ ያለ ልጅ መልእክት ያድርስ። ሦስት ቀን ከቀረ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረቱን (ወመህን) ደግሞ ከመጀመሪያው ስብሰባ አስገቧቸው፤ ዳቦውን ማን እንደሚያቀርብ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።