አባትን ለማስታመም ሥራ መልቀቅ ያስፈልጋል?

ውድ እህቴ፣

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት ሦስት ዓመት እንደሠራሽ፣ አዲስ አበባ ያሉት አባትሽ ከእንግዲህ እንደማይድኑ ሐኪሞቻቸው እንደተናገሩ፣ ከምታስታምማቸው ታላቅ እህትሽ ጋር ደግሞ በቤት ካርታ ሰበብ ከተኳረፋችሁ ስድስት ዓመት እንዳለፈ ጽፈሽልኛል። ሦስት እህቶች በሞት አፋፍ ያሉ አባታቸውን ለማስታመም የሚሰበሰቡበትን «ሂዝ ትሪ ዶተርስ» የተባለውን ፊልም ካየሽ ወዲህ እንቅልፍ አጥተሽ፣ «ሥራዬን ለቅቄ ልሂድ ወይስ ብር እየላክሁ ልቆይ?» ብለሻል።

ሥራሽን አትልቀቂ፤ ነገር ግን ሂጂ።

እኔ እናቴን ላስታምም ስሄድ፣ በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት እሠራበት ለነበረው ድርጅት የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። ፈቃድ መጠየቅ እንደሚቻል የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከአርባዋ በኋላ ስመለስ ቦታዬ ተይዞ፣ የጤና መድኔ ተቋርጦ ጠበቀኝ፤ ሐዘኔንም ሳልጨርስ በሌሊት ፈረቃ ከዝቅተኛው ደረጃ ጀመርሁ። «ልጅ ማለት ሁሉን ጥሎ የሚመጣ ነው» የሚሉሽ አክስትሽ፣ አንቺ ደመወዝ ካጣሽ የመድኃኒቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አልነገሩሽም። «ብሩ ይበቃቸዋል» የሚለው ባለቤትሽም ተሳስቷል። አንቺ የሰው አባት በየሁለት ሰዓቱ ስታገላብጪ ታመሺያለሽ፤ የራስሽን አባት እህትሽ ብቻዋን ታገላብጣለች። ይህ ሥራ ምን ያህል ወገብ እንደሚሰብር ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ ብዙዎች ኤፍኤምኤልኤ የሚሉት፣ በጠና የታመመ ወላጅን ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። አሠሪሽ በ75 ማይል ክልል ውስጥ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት፣ አንቺም 12 ወር ከሠራሽና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት ከሞላሽ ይመለከትሻል። ፈቃዱ ክፍያ የለውም፤ ያጠራቀምሽው የዓመት ፈቃድ ካለ ግን አብረሽ መጠቀም ትችያለሽ። የጤና መድንሽ ይቀጥላል፤ ስትመለሺም የቀድሞ ቦታሽ ወይም እኩያው ይጠብቅሻል። የመልቀቂያ ደብዳቤ ካስገባሽ ግን ይህን ሁሉ ታጪያለሽ።

አባትሽ ሌላ አገር መሆናቸውም አያግድሽም። አዲስ አበባ ያለው ሐኪማቸው የሚሰጠውን የሕክምና ማስረጃ አሠሪሽ መቀበል አለበት፤ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ ግን ትርጉም ሊጠይቅሽ ይችላል። ማስረጃው ሲጠየቅ በአብዛኛው የ15 ቀን ጊዜ ይሰጣል። ያንን ወረቀት ከሐኪሙ የምታስጽፈው ደግሞ ያቺው የተኳረፍሻት እህትሽ ናት።

አዛዜል ጄኮብስ ባዘጋጀው በዚያ ባየሽው ፊልም ውስጥ እንቅልፍ የነሳሽ ይህ ይመስለኛል። ታላቂቱ ኬቲ በዚያው በኒው ዮርክ እየኖረች አባቷን እምብዛም ሳትጠይቅ ቆይታ፣ በመጨረሻ መጥታ ልባቸው ቢቆም በግድ እንዳይቀሰቅሷቸው የሚያዘው ወረቀት አለመፈረሙን ስታይ እህቷን ሬቸልን ትወቅሳለች። ሬቸል ግን አብራቸው የኖረችው ልጅ ናት። አንቺም ወረቀት ፈልገሽ እንደምትደውዪ አስቢ፤ ከሩቅ የመጣ ትእዛዝ በደከመ ሰው ጆሮ ወቀሳ ሆኖ ይሰማልና።

የተመዘገብሽበትን የነርሲንግ ትምህርት ቤት ምዝገባሽን ለቀጣዩ ሴሚስተር እንዲያሸጋግርልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። የቤቱ ካርታ አባትሽ በሕይወት ሳሉ በአንቺ አንደበት አይነሣ።

ነገ ጠዋት ለሰው ኃይል ክፍሉ አመልክቺ። ዛሬ ማታ ከፈረቃሽ ስትወጪ ደግሞ አዲስ አበባ እየነጋ ይሆናል፤ ለእህትሽ ደውዪላት። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ስለ ወረቀቱ ሳይሆን እርሷ ሌሊቱን ጥቂት ተኝታ እንደሆነ ይሁን።