ጤና አዳሟና የቆመው ቡና

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፦

ዕድሜዬ 58 ነው፤ የምኖረውም ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በሰሜን ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ ቢያቅተኝ አጥር ሥር አንዲት የጤና አዳም ችግኝ ተከልሁ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ወገቤ ደርሳ ነበር፤ ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ወንድሜ ያለው ጎጃም ነው፤ ስልኩ ለሳምንታት የማይሠራበት ጊዜ አለ።

ጠዋት ስልኬን ከመክፈቴ በፊት ወጥቼ ቅጠሏን በጣቶቼ አሽቼ አሸታለሁ። የኅዳር ውርጭ የድንቹን ቅጠል አጥቁሮት ሲያድር፣ እሷ አመዳይ ለብሳ ታነጋና ፀሐይ ሲወጣ ምንም እንዳላገኛት ሁሉ አረንጓዴ ትሆናለች። ማታም ከዜና በኋላ አንድ ጆግ ውኃ አጠጣታለሁ። ዘንድሮ ግን ከሥር ጀምራ ቢጫ ሆነችብኝ። ልጄ «ሀገር እየነደደ እማዬ ቅጠል ታሻለች» ይላል። የአጥር ጎረቤቴም ለቡናዋ ቅጠል ልትቆርጥ ስትመጣ አብረን እንጠጣ ነበር፤ በፖለቲካ ነገር በአንድ ቃል ተቀያይመን ቡናው ከቆመ ዓመት አለፈው። በዚህ ዘመን በአንዲት ቁጥቋጦ መጽናናቴ ነውር ይሆን?

ከሱሉልታ

የተከበሩ እኅቴ፦

ከቀላሉ ልጀምር። ጤና አዳም ድርቅንና ብርድን የምትችለውን ያህል በሥሯ የሚተኛ ውኃን አትችልም፤ መሬትዎ ዋልካ ከሆነ ደግሞ በየማታው የሚፈሰው ጆግ የሚወርድበት የለውም። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ካገኙ አያጠጡ፤ ዙሪያዋንም ውኃ እንዲወርድ ቦይ ያውጡላት። ሲቆርጧት ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሿ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣልና። ለነፍሰ ጡርም አይስጡ፤ ይህ ስንቴም ቢነገር አይበዛም።

ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ዓይኔ ያረፈው «ከዜና በኋላ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ውኃው የሚፈሰው ጭንቀት እጅን ሥራ ስለሚያሻው ይመስለኛል፤ ይህንንም አልነቅፍብዎትም። ልጅዎ በክፋት የተናገረ አይመስለኝም፤ ነገር ግን የተሳሳተው መጨነቅን ከመርዳት ጋር አንድ በማድረጉ ነው፤ ስልክዎን በቀን ሠላሳ ጊዜ ቢከፍቱት ለወንድምዎ የሚደርሰው አንዳች ነገር የለም፤ በጠዋት ረጋ ብለው የሚውሉ ከሆነ ግን መስመሩ የተከፈተ ዕለት በቅጡ ሊያነጋግሩት ይችላሉ። ስለዚህ የጠዋቱን ማሽተት ይቀጥሉበት፤ ነውር የለበትም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የጎረቤትዎ ነገር ነው፤ እርስዎ በሁለት ዓረፍተ ነገር አለፉት እንጂ የደብዳቤው ሸክም እዚያ ያለ ይመስለኛል። ስለ ጦርነቱ የግድ መስማማት የለባችሁም፤ ምናልባትም አትስማሙም፤ ማን እንደ ጀመረውም ቡና ላይ አታነሡት። ሽማግሌ መላክም ለአንድ ቃል ቅያሜ ይበዛበታል። ይልቅ ከጤናማው ቅርንጫፍ የእጅዎን መዳፍ ያህል የምትረዝም ቁራጭ ይውሰዱ፤ የታችኛውን ቅጠል መልጠው፣ ሥሩ በተበሳ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ይትከሏት፤ ጥቂት ሳምንታት ጥላ ውስጥ ትቆይ። ሥር መያዟን ያረጋገጡ ዕለት ጣሳዋን በልጅዎ እጅ ይላኩላት፤ «ቅጠል» ያለውን ነገር ራሱ ተሸክሞ ይሂድ።

የራሷ ካላት ልትቆርጥ አትመጣም ብለው እንዳይሰጉ፤ ያቺ ችግኝ ለቡና የሚበቃ ቅጠል እስክታወጣ ድረስ ጎረቤትዎ የምትቆርጠው ከእርስዎ ግቢ ነው።