ነጥብ ይገባል ወይስ ይቆጠራል?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ሐዋሳ ካሉ አንድ የስፖርት መምህር ነው። «በትምህርት ቤታችን የባድሚንተን ውድድር ነበረን። ማይክ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ‹ሌላ ነጥብ አገባች!› ስል የአማርኛ መምህሩ ‹ነጥብ ይቆጠራል እንጂ አይገባም› አሉኝ። 20 ለ 20 ሲሆኑ ደግሞ ‹አቻ ወጡ› አልኩ፤ እሱንም አልወደዱልኝም። ማናችን ነን ልክ?» ይላሉ።

ባልደረባዎ ናቸው ልክ። በሁለቱም።

«አገባ» የእግር ኳስ ቃል ነው፤ እዚያ ያምርበታል። ጎሉ በር ነው፣ ኳሷ በበሩ ትገባለች፣ «ከመረብ አገናኛት» ሲባል ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። የባድሚንተን መረብ ግን መሃል ሜዳ ላይ የተወጠረ ነው፤ ቁመቱ መካከሉ ላይ 1 ሜትር ከ52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ላባዋን፣ ማለትም በኳስ ፈንታ የምትመታዋን፣ እዚያ ውስጥ የሰደዳት ተጫዋች ነጥቡን ለተጋጣሚው አስረከበ ማለት ነው። ጆሮው በኳስ ኮሜንተሪ ያደገ ተመልካች «መረብ ላይ አሳረፈችው» ሲሉት ለተሳሳተችው ልጅ ያጨበጭባል። «ነጥብ አገባች» የሚለውማ የሠርግ ዜና ይመስላል።

«ነጥብ» ራሱ የ«ነጠበ» ልጅ ነው። ከሚያፈስ ጣሪያ የሚወርደውም፣ አራት ነጥብ ብለን ዓረፍተ ነገር የምንዘጋበትም ከዚያው ቤት ነው። የነጠበ ነገር ይጠራቀማል፤ ሲጠራቀም ይቆጠራል። ግዕዝ ለመቁጠር «ኈለቈ» ይላል፣ ኦሪት ዘኍልቍም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አማርኛ ግን «ቆጠረ»ን ይዞ ቀረ። እኔ «ቆጠረ» የ«ቋጠረ» ዘመድ ነው ባይ ነኝ። ገመድ ላይ ቋጠሮ እየጨመረ ከብቱን የሚቆጥር ሰው ይታየኛል። ሁለቱ አይገናኙም የሚል ይኖራል፤ ይበል። እንዲህ ያለውን ዝምድና ለመተው ልቤ እሺ አይልም።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። ዋናው ነገር እዚህ ነው። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የሚያደርገው፣ ማለትም የመጀመሪያውን ምት የሚመታው፣ ብቻ ነበር። ተቀባዩ ምልልሱን (ከሰርቩ ጀምሮ ላባዋ እስክትወድቅ ያለውን መመታታት) ቢያሸንፍ የሚያተርፈው ሰርቩን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ሕጉ ተለወጠና ምልልሱን ያሸነፈ ሁሉ፣ ሰርቩ የማንም ይሁን የማን፣ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ዛሬ አንዱ በተሳሳተ ቁጥር ለሌላው ይቆጠራል። ይህንን ለመናገር ከአማርኛ የተሻለ ቋንቋ ካለ አሳዩኝ! «ተቆጠረላት» ስንል ያገኘችውን፣ «ተቆጠረባት» ስንል የከፈለችውን በአንዲት ፊደል ለየን። «አስቆጠረች»ም ደህና ነው፤ የአስደራጊው «አስ» ሥራውን ሠርቷል፣ ተጫዋቿ መታች፣ ዳኛው ቆጠረ። «አገባች» ይህን ሁሉ ይውጠዋል።

«ቃል ይሰፋል፤ ‹አገባ› ዛሬ ‹ውጤት አመጣ› ማለት ሆኗል» የሚሉ አሉ። በቅርጫት ኳስ ሲሉት አልከራከርም፣ ቅርጫት አለ። በመረብ ኳስም ሲባል ሰምቻለሁ። መስማት ግን መቀበል አይደለም።

ሆኖም አንድ ነገር አልክድም። ሐይቁ ዳር ልጆች ሁለት ዛፍ ላይ ገመድ ወጥረው ሲጫወቱ ጸቡ ሁሉ «ገባች!» «ወጣች!» ነው። ላባዋ ከ6 ግራም በታች ስለሆነች ትንሽ ነፋስ ከመጣ ማን እንደመታት እንኳ ያጠራጥራል። እዚህ «ገባች» ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ላባዋ መስመር ላይ ካረፈችም ገብታለች። የገባችው ግን ላባዋ ናት። ከዚያ «አገባሁ!» እያለ የሚፈነጥዝ ልጅ አለ። እሺ፣ ተሸንፌያለሁ፤ ለልጆቹ ትቼላቸዋለሁ። ማይክ ለያዘ ሰው ግን አልተውም። («ሰርቭ»ንም በገናው ጨዋታ ቃል «ልጊያ» ብንለው ደስ ባለኝ ነበር። የሚሰማኝ የለም።)

«አቻ ወጡ» ደግሞ ከጣዕም ያለፈ ስህተት ነው። አቻ የሚወጣው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ባድሚንተን ውስጥ አቻ መውጣት የለም። ጌሙ፣ ማለትም የጨዋታው አንዱ ዙር፣ በ21 ያልቃል፤ 20 ለ 20 ከሆኑ በሁለት ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ 29 ለ 29 ከደረሱ 30ኛዋን ያገኘ አሸነፈ። ከሦስት ጌም ሁለቱን የወሰደ ጨዋታውን ይወስዳል። ስለዚህ «20 እኩል ሆኑ» ይበሉ። «ሆኑ» በሩን ክፍት ይተዋል፣ «ወጡ» ይዘጋዋል።

ያልጠየቁኝን አንድ ልጨምር። ዳኛው ነጥብ ሲጠራ የሚያስቀድመው ሰርቩን የያዘውን ነው። ስለዚህ እየተመራች ሰርቭ የምታደርገው ልጅ «12 ለ 15» ተብሎ ይጠራላታል። እኛ ከኳስ ዜና የለመድነው የሚመራውን ማስቀደም ስለሆነ ተመልካች ግራ ይጋባል። ማይኩ ላይ የዳኛውን ቅደም ተከተል ሳያዛቡ «12 ለ 15፣ ሰርቩ የእሷ ነው» ቢሉ ይበቃል። ጌሙ ካለቀ በኋላ «21 ለ 18 አሸነፈች» ማለት ይችላሉ።