ትጋአ ወይስ ትጋብ? ልጆች የሚምታታባቸው ቦታ

እህቴ፣ «ልጄ ትልቁን የጋራ አካፋይ (ትጋአ) አሳምሮ ያወጣል፤ የቃላት ፕሮብሌም ሲመጣ ግን ከትንሹ የጋራ ብዜት (ትጋብ) ጋር ይምታታበታል» ብለሻል። ለዓመታት ልጆች ሳስጠና በብዛት የማየው ይሄንኑ ነው። ስሌቱ አልከበደውም። የከበደው ታሪኩ ነው።

ብዙ ልጆች ጥያቄው ውስጥ «ትልቁ» ወይም «ትንሹ» የሚል ቃል ይፈልጋሉ። ይሄን ልማድ አስጥዪው። ከማስላቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ «ያለው ነገር እየተከፋፈለ ነው ወይስ እየተደጋገመ?» ከተከፋፈለ መልሱ ትጋአ ነው፤ ከተሰጡት ቁጥሮች ከማናቸውም አይበልጥም። ከተደጋገመ ትጋብ ነው፤ ከማናቸውም አያንስም። አንዱ አውቶቡስ በየ12፣ ሌላው በየ18 ደቂቃው ይነሳል። አሁን አብረው ቢነሱ፣ ደግመው አብረው የሚነሱት ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው? «ከ6» የሚል ልጅ አይጠፋም። «በ6ኛው ደቂቃ የትኛው አውቶቡስ ይነሳል?» በይው። ራሱ ወደ 36 ይመጣል።

ለትጋአ ከሴራሚክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሳሎኑ 420 በ360 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ምንም ሳይቆረጥ ወለሉን የሚሞላው ትልቁ ካሬ ሴራሚክ 60 በ60 ነው፤ ያው ሱቅ የምናየው። በአንድ በኩል 7፣ በሌላው 6፣ በጠቅላላው 42 ይገባል። (የመጋጠሚያውን ክፍተት ለጊዜው እንተወው።) ጥያቄው «ስንት ሴራሚክ ያስፈልጋል?» ከሆነ መልሱ 60 አይደለም። ጎበዝ ልጆችም ነጥብ የሚጥሉት እዚህ ጋ ነው። ትጋአውን ያገኙና እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ።

ከቻልሽ ደግሞ በእጁ ይሥራው። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ 21 በ15 ካሬ ቁጠሩና ቁረጡ። ከውስጡ የሚወጣውን ትልቁን ካሬ፣ ማለትም 15 በ15ን፣ በመቀስ ያውጣ። 6 በ15 ይተርፋል። ከሱ ሁለት 6 በ6 ይወጣል፤ 6 በ3 ይተርፋል። እሱ ደግሞ ሁለት 3 በ3 ይሆናል፤ ምንም አይተርፍም። ትጋአው 3 ነው። ግሪካዊው ኢዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የጻፈው ዘዴ ይሄው ነው። ለትልልቅ ቁጥሮች በጣም እወደዋለሁ፤ አካፋዮችን አንድ በአንድ ከመዘርዘር ይገላግላል። የሳሎኑን ውሰጂ፦ 420 ለ360 ሲካፈል 60 ይቀራል፤ 360 ለ60 ሲካፈል ምንም አይቀርም። አለቀ።

ከዚያ እሱ ለአንቺ ጥያቄ ይፍጠርልሽ፦ አንድ የትጋአ፣ አንድ የትጋብ። ሳያምታታ ከፈጠረ ገብቶታል።