ኳሱ መረብ ላይ የሚቀረው በጉልበት ማነስ አይደለም

ከጅማ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ልጄ 14 ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ የቮሊቦል ቡድን ውስጥ ትጫወታለች፤ ቀኝ እጅ ናት። ከታች ወደ ላይ ስትለጋ አንድም አይቀርባት። አሰልጣኟ ከላይ መለጋት ልመጂ ካላት ወዲህ ግን ከአስር ኳስ የሚያልፍላት አራት ቢበዛ አምስት ነው። የቀረው መረብ ላይ ይቀራል፤ አንዳንዱ በቀኝ በኩል ይወጣል። ማታ ማታ ግቢያችን ውስጥ ገመድ ወጥሬ አለማምዳታለሁ። ‹ጠንከር አድርገሽ ምቺ› ስላት ይብስባታል። ሰሞኑን ደግሞ ትከሻዬን አመመኝ ማለት ጀምራለች። ክንዷ እንዲጠነክር ክብደት ላሠራት አስቤያለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ክብደቱን ለጊዜው ይተዉት። ከታች ስትለጋ፣ ማለትም ጨዋታ የሚያስጀምረውን ምት (ሰርቭ) ከታች ስትመታ፣ ኳሱ የሚያልፍላት ከሆነ ዘጠኝ ሜትር የሚያሻግር ጉልበት አላት። የጠፋው አቅጣጫው ነው። አቅጣጫውን የሚያበላሸው ደግሞ፣ ከነገሩኝ ስገምት፣ የምትመታበት ቀኝ እጇ ሳይሆን ከእሱ ቀድሞ ሥራ የሚጀምረው ግራ እጇ ነው፤ ኳሱን ወደ ላይ የሚለቀው እጅ።

ነገሩን በቁጥር ላሳይዎት። የአዋቂ ሴቶች መረብ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሴንቲ ነው። ከመጨረሻው መስመር እስከ መረቡ 9 ሜትር አለ። ልጅዎ 1 ሜትር ከ55 ገደማ ናት ብንል፣ ክንዷን ዘርግታ የምትመታው ኳስ የሚነሳው ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ ላይ 20 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ የወጣ ኳስ መረቡን ለማለፍ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይበቃዋል፤ ሜዳው ውስጥም ይወድቃል። ያው ኳስ 5 ዲግሪ ብቻ ቀና ብሎ ከወጣ ግን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ስሌቱ የአየሩን ግጭት ስለማይጨምር በሜዳ ላይ ሁለቱም ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ልዩነቱ ግን ያው ነው። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የትልልቅ ወንዶች ሰርቭ ነው። ከ14 ዓመት ልጅ አይጠበቅም፤ መጠበቅም የለበትም።

«ጠንከር አድርገሽ» ሲሏት የሚብስባት ለዚህ ነው። ልጅ በኃይል ምቺ ስትባል ክንዷን ወደ ታች ትስባለች። ክርኗ ይወርዳል፣ የእጇ አንጓ ይታጠፋል፣ ኳሱም ቀና ማለቱን ትቶ በቀጥታ ወደ መረቡ ይሄዳል። አልሆን ሲላት ሌላ ኃይል ትጨምራለች፤ ትከሻዋም የሚጎዳው በዚሁ መሀል ነው። ሕመሙ ለቋት ከላይ መለጋት ስትጀምር ያንን ቃል ትተው «ከገመዱ አንድ ክንድ ከፍ አድርገሽ አሳልፊው» ይበሏት። ዓይኗ የሚያርፈው ገመዱ ላይ ሳይሆን ከገመዱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ግራ እጇ ልመለስ፤ ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ነው። ኳሱን በግራ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ክንዷን በቀኝ ትከሻዋ ትይዩ ወደ ፊት ትዘርጋ። ከዚያ ክርኗን ሳታጥፍ፣ ኳሱንም ሳታሽከረክር፣ ወደ ላይ ታንሳውና ትልቀቀው። ከፍታው ቀኝ እጇ ተዘርግቶ ከሚደርስበት ትንሽ አለፍ ቢል ይበቃል። ብዙ ልጆች ትልልቆቹ ዘለው ሲለጉ አይተው ኳሱን ሰማይ ያደርሱታል። ከፍ ብሎ የወጣ ኳስ ሲወርድ እየፈጠነ ስለሚመጣ የሚመታበትን ቅጽበት መያዝ ከባድ ነው። ሜዳው ክፍት ከሆነ ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል።

ይህን ለመፈተሽ ኳሱን መምታት አያስፈልግም። ግራ እግሯን አስቀድማ ትቁም። ከጫማዋ ጫፍ ትንሽ ወደ ፊት፣ በቀኝ ትከሻዋ ትይዩ፣ መሬት ላይ በኖራ ወይም በከሰል የሳፋ አፍ የሚያህል ክብ ያስምሩላት። ኳሱን ወርውራ ዝም ብላ ትተወው። የት ወደቀ? ከክቡ ርቆ ወደ ፊት ከወደቀ፣ ስትመታው ኳሱን ለመድረስ ጎንበስ ትላለች፤ ክንዷ እየወረደ ስለሚያገኘው መረብ ላይ ይቀራል። ወደ ቀኝ ከወደቀ ሰውነቷ ወደዚያው ያዘነብላል፤ ኳሱ በቀኝ በኩል ይወጣል። ወደ ኋላ፣ ከራሷ በላይ ከሆነ ደግሞ ጀርባዋን ለጥጣ ትመታዋለች፤ ኳሱ ይነሳል እንጂ አይሄድም። የነገሩኝ ሁለቱም ችግሮች ከዚህ ከአንድ ቦታ ሊመጡ ይችላሉ። በቀን ሃያ ጊዜ ወርውራ ትተወው፤ ትከሻዋን አያደክማትም፣ በረንዳ ላይም ይሠራል። ከሃያው አሥራ ስድስቱ ክቡ ውስጥ እስኪወድቅ ድረስ ስለ ክንዷ አንድም ቃል አይናገሩ።

በልምምድ ላይ አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ፦ ተበላሽቶ የተወረወረ ኳስ አትምታ፤ ትያዘውና እንደገና ትጀምር። መጥፎ ውርወራን እያባረረች መምታት ከለመደች ክንዷ በየጊዜው ሌላ መንገድ ይማራል። በውድድር ግን ሕጉ የሚፈቅደው አንድ ውርወራ ብቻ ስለሆነ ይህ አይሠራም። ዳኛው ካፏጨ በኋላ 8 ሴኮንድ አላት። ታዳጊዎች ፊሽካውን ሲሰሙ ይቸኩላሉ፤ ስምንት ሴኮንድ ግን ኳሱን ሁለት ሦስቴ መሬት አንጥሮ፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሶ፣ ቦታውን አይቶ ለመለጋት በቂ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ግቢ ውስጥም ሁልጊዜ ታድርገው።

እግሯን በአጭሩ ልለፈው። ቀኝ እጅ ስለሆነች የምትራመደው በግራ እግሯ ነው፤ አንድ አጭር እርምጃ፣ ወደምትለጋበት አቅጣጫ። በቀኟ የምትራመድ ከሆነ ዳሌዋ ይዘጋባትና ሥራው ሁሉ ትከሻዋ ላይ ይወድቃል። ኳሱን ከመምታቷ በፊት መስመሩን እንዳትረግጥ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ርቃ ትነሳ። ከመታች በኋላ መግባት ትችላለች።

ክንዱን ለማስረዳት በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ የሚያዩትን ያስታውሱ። እጀታውን የያዘው ልጅ እጁን ብዙ አያንቀሳቅስም፤ ጩኸቱ የሚወጣው ጫፉ ላይ ነው። ሰርቭም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ እግር ይረግጣል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ክርን፣ በመጨረሻ መዳፍ። ልጅዎ ኳሱን ስትለቅ ቀኝ ክርኗ በጆሮዋ ከፍታ ወደ ኋላ ተስቦ መጠበቅ አለበት። ክርኗ ከትከሻዋ በታች ከተንጠለጠለ ኳሱን የምታገኘው ግንባሯ አጠገብ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ 40 ሴንቲ ያህል ከፍታ በከንቱ አጣች ማለት ነው።

ይህን እንቅስቃሴ ያለ ኳስ ለማስተማር ከሁሉ የሚሻለው መወርወር ነው። ሁለት ካልሲ አንዱን ባንዱ ጠቅልለው ይስጧትና ከገመዱ በላይ አሳልፋ ትወርውረው። አርቆ የሚወረውር ልጅ ክርኑን ሳይነግሩት ያነሳል። አሥር ጊዜ ካልሲ፣ ከዚያ አምስት ጊዜ ኳስ፤ እያፈራረቀች ትሥራ።

መዳፏ ኳሱን ሲያገኘው ጣቶቿ ተከፍተው፣ አንጓዋ ጠጥሮ ይቆይ። የሚመታው ለአንጓው የቀረበው የመዳፏ ጠንካራ ክፍል ነው፤ የሚመታውም የኳሱ መሀል፣ ከመሀሉም ትንሽ ዝቅ ብሎ። ከመታች በኋላ እጇን ወደ ታች አትጎትት፤ ኳሱ ወደ ሄደበት አቅጣጫ ጠቁማ ታቁመው። እንዲህ የተመታ ኳስ ሳይሽከረከር ይሄዳል፤ ሳይሽከረከር የሚሄድ ኳስ ደግሞ አየር ላይ ስለሚዋልል ለተቀባይዋ አስቸጋሪ ነው። የኳሱን ቀለሞች ወይም ስፌት ይመልከቱ፦ በበረራ ላይ ለይተው ማየት ከቻሉ በትክክል መታዋለች። ልጅቷንም «መዳፍሽ ላይ የት ነካሽ?» ብለው ይጠይቋት። እሷ ራሷ የምታውቀውን እኔም እርስዎም ከውጭ አናየውም።

ርቀቱን በተመለከተ ወዲያው ከ9 ሜትር እንድትለጋ አያድርጓት። ገመዱን 2 ሜትር ላይ ያስሩትና ከ5 ሜትር ትጀምር። ከአስር ስምንቱ ሲያልፍላት አንድ ሜትር ወደ ኋላ ትሂድ። አምስት ሲሆንባት አንድ ሜትር ወደ ፊት ትመለስ፤ ቅር አይበላት፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። ግቢዎ ጠባብ ከሆነ ግድግዳም ይሆናል፤ ከመሬት 2 ሜትር ተኩል ላይ ምልክት አድርገው ምልክቱን እንድትመታ ያድርጉ።

ስለ ኳሱ ልጠይቅዎት የሚገባ ነገር አለ። ጅማ የእግር ኳስ ከተማ ናት፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳባት ከተማ። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ቀድሞ የሚገኘው የእግር ኳስ ነው፤ ሰርቭም በእሱ ሲለማመዱ አያለሁ። የቮሊቦል ኳስ ከ260 እስከ 280 ግራም ይመዝናል፤ የእግር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም። ልጅዎ የምትለማመደው በእግር ኳስ ከሆነ የትከሻዋን ሕመም ምክንያት አገኘን ማለት ይቻላል፤ ዛሬውኑ ያስቁሟት። ትክክለኛው ኳስም ቢሆን አለመጠን ከተነፋ እንደ ድንጋይ ይሆናል። በሁለት አውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ጎድጎድ ማለት አለበት። የጅማ ዝናብ ደግሞ ረጅም ነው፤ እርጥብ ሣር ላይ ሲንከባለል የዋለ ኳስ ይከብዳል፣ ያዳልጣልም። በዝናብ ቀን ውርወራውንና ካልሲውን በረንዳ ላይ ትሥራ፤ ኳሱን አድርቀው ያስቀምጡት።

ትከሻዋ አሁን እያመማት ስለሆነ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ እስኪለቃት ድረስ ከላይ መለጋቷን ያቁሙ። ግራ እጇንና እግሯን ትሥራ፤ በጨዋታ ላይም ከታች ትለጋ። ከታች መለጋት በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ይህን ለአሰልጣኟም ይንገሩት። በዚህ ዕድሜ አጥንት ገና እያደገ ነው። የሚያድገው ክፍል ከቀረው የላላ ስለሆነ ድግግሞሽ ይጎዳዋል። ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ከሆነ፣ ክንዷን ማንሳት ካቃታት፣ ወይም አርፋ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ካልተሻላት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወስደው ያሳይዋት። በራስዎ ማሸትና ማስታገሻ ሰጥቶ ማጫወት አይሞክሩ።

ስትመለስ ትከሻዋን በደንብ አሟሙቃ በቀን ከ30 ኳስ አትለፍ፤ በሳምንትም ሦስት ወይም አራት ቀን ይበቃታል። ትምህርት ቤት የለጋችውም ይቆጠራል፤ ቀን እዚያ 30 ለግታ ማታ እርስዎ ጋ ሌላ 40 የምትጨምር ከሆነ ሁለታችሁም ሳታውቁት እየጎዳችኋት ነው። ማጠንከር ከፈለጉ ግድግዳ ተደግፋ ፑሽአፕ ትሥራ፤ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በር ላይ አስረው በሁለት እጇ ወደ ደረቷ ትሳብ። ለዚህ ዕድሜ ይበቃታል።

እርስዎም የሚቆሙበትን ቦታ ይለውጡ። ከገመዱ ማዶ ቆሞ የሚያይ ሰው ኳሱን እንጂ ልጅቷን አያይም። በቀኟ በኩል ጎን ላይ ቆመው በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጿትና ቀስ አድርገው አብረው ይዩት። በአንድ ማታ አንድ ነገር ብቻ ያርሙ፤ ዛሬ ውርወራው ከሆነ ክርኗ ቢወርድም ዝም ይበሉ። አሰልጣኟ በዚያ ሳምንት ሌላ ነገር እያስተማራት ከሆነ የእሱ ይቅደም፤ ሁለት ድምፅ የሚሰማ ልጅ አንዱንም አይዝም።

ከመጨረሻው መስመር ከአስር ስምንቱ ሲያልፍላት ገመዱን ቀስ በቀስ ወደ 2 ሜትር ከ24 ከፍ ያድርጉት። ከዚያ ከማዶ በኋላው መስመር ሁለት ጥግ ላይ ባዶ የቡና ጆንያ ያንጥፉ። መጀመሪያ ፊት ለፊቷ ያለውን፣ ቀጥሎ በሰያፍ ያለውን እያነጣጠረች ትለጋ። ኳሱ ወደ ቀኝ የማምለጥ ልማድ ስላለበት በግራ በኩል በሰያፍ ባለው ላይ ብዙ ትቆይ።