ሁለቱ ሳይመን ፍሬዘሮች እና የተወረሰው ርስት

ጥያቄ፦ ስለ ሰሜን አሜሪካ ጦርነቶች በማነባቸው መጻሕፍት ውስጥ ሳይመን ፍሬዘር የሚባል ስኮትላንዳዊ የጦር መኮንን ደጋግሞ ያጋጥመኛል። አንዱ መጽሐፍ በ1777 ሳራቶጋ ላይ ተመትቶ ሞተ ሲል፣ ሌላው በ1782 ለንደን ውስጥ አረፈ ይላል። አባቱ በንጉሥ ላይ በማመፁ አንገቱን እንደተቀላም አንብቤያለሁ። የትኛው ነው ትክክል? የአመፀኛ ልጅስ እንዴት የዚያው መንግሥት ጄኔራል ሊሆን ቻለ? ልጆችስ ነበሩት? አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጻሕፍቱ አልተሳሳቱም፤ የሚናገሩት ስለ ሁለት ሰዎች ነው። በፍሬዘር ጎሣ ዘንድ ሳይመን የሚለው ስም በየቤቱ የሚወጣ ስለነበረ መምታታቱ አያስደንቅም። ሳራቶጋ ላይ የወደቀው ብርጋዴር ጄኔራል የባልኔን ቤት ፍሬዘር ሲሆን፣ አባቱ አንገቱን የተቀላበት ደግሞ የጎሣው ባላባት ልጅ፣ በ1726 የተወለደው የሎቫቱ ሳይመን ፍሬዘር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልጁን ሕይወት ለመረዳት ከአባቱ መጀመር ግድ ይላል። ስሙ እንደ ልጁ ሳይመን የሆነው አሥራ አንደኛው ሎርድ ሎቫት በዘመኑ ሰዎች ዘንድ «ቀበሮ» የሚል ቅጽል የወጣለት፣ ሁለት ቢላዋ ይዞ የሚበላ ሰው ነበር። ከዙፋን የወረዱትን ስቱዋርቶች ለመመለስ በ1715 በተነሣው አመፅ ከመንግሥት ጎን ቆሞ ተጠቀመ። በ1745 ልዑል ቻርልስ ስቱዋርት የአባቶቹን ዙፋን ለማስመለስ ስኮትላንድ ሲገባ ግን፣ ሽማግሌው እቤቱ ተቀምጦ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረውን የ19 ዓመት ልጁን የጎሣውን ጭፍራ አስይዞ ወደ ልዑሉ ላከው። በዚያው ሰሞን ለዋናው ዳኛ ለዳንካን ፎርብስ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ደግሞ ልጄ አልታዘዝ አለኝ፣ የሚሠራው ሁሉ ያለ ፈቃዴ ነው እያለ ያማርር ነበር። አባት የገዛ ልጁን ጋሻ አድርጎ ሲደበቅበት ማየት ለማንበብ እንኳ ይከብዳል።

ብልጠቱም አላዋጣውም። በኤፕሪል 1746 ከሎደን በሚባል የስኮትላንድ ሜዳ ላይ አመፁ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ውጊያ ተደመሰሰ፤ የቤተሰቡ መኖሪያ የነበረው የዳውኒ ግንብ ተቃጠለ። ወደ 80 ዓመት የሚጠጋው ሎርድ ሎቫት ተይዞ በመኳንንቱ ምክር ቤት ፊት ተፈረደበትና ኤፕሪል 9 ቀን 1747 ለንደን ውስጥ በመጥረቢያ አንገቱን ተቀላ። በብሪታንያ በዚህ ዓይነት ቅጣት የሞተ የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው።

ልጁ እጁን ሰጥቶ በኤድንበራ ግንብ ከታሰረ በኋላ በ1750 ሙሉ ምሕረት ተደረገለት። ምሕረቱ ነፍሱን አተረፈለት እንጂ ርስቱን አልመለሰለትም፤ የሎቫት መሬት ለዘውዱ ተወርሶ ግብሩን የመንግሥት ሹማምንት ይሰበስቡት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ ወዲያ ያደረገው ነገር ሁሉ የሚፈታው በዚህ ነው፦ መሬቱን ማስመለስ ይፈልግ ነበር፣ ለዚህም ታማኝነቱ በአደባባይ መታየት ነበረበት።

በዚያው ዓመት ጥብቅና ጀመረ። በ1752 የተወረሱ ርስቶችን ግብር ይሰበስብ የነበረው ኮሊን ካምቤል በጥይት ሲገደል፣ ጄምስ ስቱዋርት የሚባል የቀድሞ አመፀኛ በግብረ አበርነት ተከሰሰ። ችሎቱን ይመሩ ከነበሩት አንዱ የካምቤሎች አለቃ፣ የአርጋይል መስፍን ሲሆን፣ ከ15ቱ የፍርድ ሸንጎ አባላት 11ዱ የሟች ጎሣ ሰዎች ነበሩ። በዚህ ችሎት ከከሳሾቹ ጠበቆች ጋር የቆመው ሳይመን ፍሬዘር ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ከዚያው የአመፀኞች ሰልፍ የነበረ ሰው! ስቱዋርት በኅዳር ወር ተሰቀለ። ከፍሬዘር ታሪክ ውስጥ ይህን ምዕራፍ ይቅር የሚል አንባቢ ጥቂት ይመስለኛል።

ከፈረንሳይ ጋር የተጀመረው ጦርነት በ1757 ወታደር ሲያስፈልገው፣ ፍሬዘር ሌተና ኮሎኔል ተብሎ ሬጅመንት እንዲያቋቁም ተፈቀደለት። መሬትም ሆነ ገንዘብ በእጁ አልነበረም፤ ሆኖም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 800 ያህል ሰው ተከተለው። ርስቱ ቢወረስም የባላባት ልጅነቱን የሚወርስ አዋጅ አልነበረምና። በዚያ ላይ ከአመፁ በኋላ በወጣው ሕግ የስኮትላንድ ደጋ ሰው የአባቶቹን ቀሚስ፣ ኪልቱን፣ እንዳይለብስ ሲከለከል፣ የንጉሥ ወታደር የሆነ ግን ይፈቀድለት ነበር። 78ኛው የተባለው ይህ ሬጅመንት በ1758 የፈረንሳዮችን ምሽግ ሉዊስበርግን፣ በ1759 ከተማቸውን ኩቤክን ከያዘው ጦር ውስጥ ነበረ። የኩቤኩ አዛዥ ጄምስ ዎልፍ ከሎደን ላይ በተቃራኒው ወገን የነበረ መኮንን መሆኑን ልብ ይሏል። ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ በመጣው የካናዳ ክረምት ባዶ ባታቸው ለብርድ የተጋለጠውን ደገኞች አይተው ያዘኑ፣ ኡርሱላ የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሴት መነኮሳት ረጃጅም የሱፍ ካልሲ ሠርተውላቸዋል።

ፍሬዘር በ1761 የኢንቨርነስ ግዛት የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1762 ፖርቱጋል ዘመተ፤ ኋላም ሜጀር ጄኔራል ሆነ። የሚፈልገውን ያገኘው በ1774 ነው፦ በርስቱ ላይ ለነበረ ዕዳ 20,983 ፓውንድ ከፍሎ መሬቱ በአዋጅ ተመለሰለት። ሌሎቹ የተወረሱ ቤቶች እስከ 1784 መጠበቅ ነበረባቸው። በ1775 የአሜሪካ ጦርነት ሲነሣ ከ2,000 በላይ ሰው ያለበትን 71ኛውን ሬጅመንት አቋቋመ፤ እርሱ ግን አብሮ አልዘመተም።

ስለ ቤተሰቡ ለጠየቁት፣ ከሁሉ የሚደንቀኝ የእኅቱ የጃኔት ቤት ነው። ባሏ የክሉኒው ዩዋን ማክፈርሰን ከአመፁ በኋላ ወደ ፈረንሳይ እስኪሸሽ ድረስ ዘጠኝ ዓመት በገዛ አገሩ ተራራና ዋሻ ተደብቆ ኖረ። ወንድሟ በንጉሥ ፍርድ ቤት ሲሟገት፣ ባሏ በንጉሥ ወታደሮች ይታደን ነበር ማለት ነው። ቤታቸው በመቃጠሉ ልጃቸው ዳንካን እህል በሚደርቅበት የምድጃ ቤት ተወለደ፤ ሰዎችም ዕድሜውን ሙሉ «የምድጃው ዳንካን» ይሉት ነበር። አድጎ መኮንን የሆነው በአጎቱ 71ኛ ሬጅመንት ውስጥ ነው።

ጄኔራሉ ራሱ እንግሊዛዊቱን ካትሪን ብሪስቶውን ቢያገባም ልጅ ሳይወልድ በ1782 ለንደን ውስጥ ሞተ። ያን ያህል የደከመበት መሬት በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ለነበረው፣ ከሌላ እናት ለተወለደው ወንድሙ ለአርችባልድ አለፈ። የአርችባልድም አምስት ወንዶች ልጆች ሁሉ አባታቸውን ቀድመው ስለሞቱ፣ እርሱ በ1815 ሲሞት ርስቱ የስትሪከን ፍሬዘሮች ወደሚባሉት ዘመዶች ዞረ። የሎርድነቱም ማዕረግ በ1837 የተሰጠው ለእነዚሁ ነው። ስለዚህ በመጻሕፍትዎ ውስጥ ስለ 18ኛው መቶ ዓመት ሲያነቡ «ሎርድ ሎቫት» የሚል ካገኙ አባትዬውን፣ «የሎቫቱ ጄኔራል ፍሬዘር» የሚል ካገኙ ልጁን፣ «ብርጋዴር ፍሬዘር፣ ሳራቶጋ» የሚል ካገኙ ደግሞ የባልኔኑን ሰው እንደሆነ ይውሰዱት።