የአባቴ ሶላር ለምን ቆመ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የሚኖሩት ገጠር ነው። ከመንደሩ በላይ ትልቁ የመብራት መስመር ያልፋል፣ ቤታቸው ግን እስካሁን ጨለማ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከደመወዜ ቆጥቤ ባለ 100 ዋት ሶላር ከነባትሪው ገዛሁላቸው። ዓመት ከመንፈቅ ሠርቶ ቆመ። ሻጩ አሁን ስልክ አያነሳም። አገሩ ሁሉ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ሶላር ለምን አይስፋፋም? ሌላ ልግዛላቸው ወይስ መብራቱን ይጠብቁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም ከመግዛትሽ በፊት እዚያው መንደር ያለ አንድ ልጅ ሽቦውን እንዲያይልሽ አድርጊ። ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ በትንሿ ሳጥን፣ በቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ በኩል ያልፋል ወይስ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል?

ይህን የምጠይቅሽ አክስቴ ቤት ያየሁት ስላለ ነው። ባትሪው ሲዳከም ኮንትሮለሩ መብራቱን ይቆርጣል፣ ሥራው እሱ ነው። አክስቴ ግን ማታ ማታ ዜና መሐል ቴሌቪዥኑ እየጠፋ ሲያስቸግራት የጎረቤት ልጅ ሳጥኗን አውጥቶ በቀጥታ አገናኘላት። ደስ አላት። ጥቂት ወር እንዳለፈ ባትሪው ሞተ፣ ምክንያቱም የአሲድ ባትሪ በየቀኑ እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠ አይቆይም። መመሪያው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነበር። ማን ይንገራት? ከዚያ በኋላ መንደሩ በሙሉ «ሶላር አይረባም» አለ፣ ሊገዙ ያሰቡትም ተዉት። ፓኔሉ እኮ ደህና ነበር! ፓኔል 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል።

ለእኔ ትልቁ እንቅፋት ይኼ ነው። ዕቃው ገጠር ይደርሳል፣ የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫው ግን ከተማ ይቀራል።

ገንዘቡም አለ። ገበሬ ብር የሚያገኘው እህሉ ሲሸጥ ነው፣ ሶላር ደግሞ ሙሉ ዋጋውን በአንዴ ይጠይቃል። ለባትሪ ድንጋይና ለላምባ በየገበያው ቀኑ የሚወጣው ሲደመር ቀላል አይደለም፣ ግን ትንሽ በትንሽ ስለሚወጣ አይታወቅም። ክፍያው አዝመራን ተከትሎ በዱቤ ቢሆን ብዙ ቤት ይገባ ነበር።

ስለ መስመሩ እውነቱን ልንገርሽ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ከግድቡ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት ይሸከማል፣ የአባትሽ አምፖል የሚፈልገው 220 ነው። በመሐል ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ አለ፣ ሁሉም ወጪ ነው፣ ብዙው ዕቃም በዶላር ይገዛል። ስለዚህ በላያቸው የሚያልፈውን መስመር አይተው እንዳይጠብቁ።

ሶላሩ ደግሞ እንጀራ አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፣ ያንቺ ፓኔል 100 ነው። መብራት በርቶም እናቶች እንጨት ተሸክመው ጭስ ውስጥ የሚውሉት ለዚህ ነው፣ ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

እና ምን ታደርጊ? የሞተው ባትሪው ከሆነ ባትሪውን ብቻ ቀይሪ፣ ሽቦውም በኮንትሮለሩ በኩል እንዲያልፍ አድርጊ። አቅምሽ ከፈቀደ በአሲዱ ፈንታ ሊቲየም የሚባለው የባትሪ ዓይነት ይሁን፣ ኮንትሮለሩ ሊቲየም የሚቀበል መሆኑን ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። የምትገዢውም ከአዲስ አበባ ሳይሆን ለአባትሽ ቅርብ ከሆነው ከተማ፣ ባለሙያ ካለው ሱቅ፣ ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀብለሽ ነው። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ የዛፍ ጥላ አይረፍበት፣ በበጋ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የሽቦውን ነገር ካስፈተሽሽ በኋላ ያገኘሽውን ጻፊልኝ።